ሚዳቋዋ ስንዱ እና ምራቂው

— ተረት መጣ።
— በየት በኩል?
— በገበያው በር።
— ምን ተሸክሞ?
— ሳጥን ተሸክሞ።
— ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?

ተቀመጡ። ጠጋ ጠጋ በሉ። እነግራችኋለሁ።

ድሮ ነው። በጣም ድሮ። እንስሳት ገበያ የሚወጡበት፣ ዕቃ አፍ አውጥቶ የሚናገርበት ዘመን። ኮምፒውተር ግን ነበረ። መብራትም ነበረ፤ ያኔም ይጠፋ ነበር።

በብሳና ሥር መንደር ስንዱ የምትባል ሚዳቋ ትኖር ነበር። ታላቅ ወንድሟ ይርዳው ይባላል። ይርዳው ሯጭ ነው። ማለቴ፣ ሯጭ ነበር። የመስከረሙን ሩጫ ሦስት ዓመት አከታትሎ አንደኛ ወጥቷል። በአራተኛው ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ነብር መጣ።

ስንዱ ሣር ውስጥ ተኝታለች። ነብሩ ሦስት እርምጃ ቀርቶታል። ይርዳው ከማዶ ጮኸ።

«እዚህ ነኝ! እዚህ!»

ነብሩ ፊቱን አዞረ። ጩኸቱን ተከትሎ ሮጠ። ይርዳው ሮጠ፤ ገደሉ ጋ ደረሰ፤ ዘለለ። ነብሩ ከወዲህ ቀረ። የይርዳው የኋላ እግር ግን ከወዲያ ድንጋይ ላይ ተሰበረ።

እግሩ ዳነ። ጠሞ ዳነ።

ከዚያ ወዲህ ይርዳው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ጠያቂ ይመጣል። «እግዜር ይማርህ» ይላል፤ እግሩን ያያል፤ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ይሄዳል። ሌላ ጠያቂ ይመጣል። እግሩን ያያል። ከንፈሩን ይመጥጣል። ይሄዳል። ዓመቱ እንዲህ አለቀ።

አዲሱ ዓመት ሲገባ ይርዳው የሩጫውን ዳኛ፣ ጋሽ ጎሽን አስጠራ።

«ጋሽ ጎሽ፣ ስሜን ከሯጮች መዝገብ ያውጡልኝ።»

ጎሹ በር ላይ እንደ ቆመ ብዙ አሰበ። ቀንዱ በበሩ ስለማይገባ ሁልጊዜም የሚያስበው በር ላይ ነው።

«ዘንድሮ ሩጫው ሜዳ ላይ ብቻ አይደለም» አለ። «በኮምፒውተር የሚሮጥም አለ። ጨዋታ ይሉታል፤ ግን ሩጫ ነው። ወንዝ አለው፣ ገደል አለው፣ ዳኛውም እኔው ነኝ። ያረጀም የተሰበረም ይሮጣል። መስከረም ሃያ ከሮጥክ ስምህ ይቆያል። ካልሮጥክ አወጣዋለሁ።»

«በምን ኮምፒውተር?» አለ ይርዳው። ወደ ግድግዳው ዞረ።

ስንዱ ጓዳ ሆና ሰማች። ስሙ ከወጣ ወንድሟም ከዚያ አልጋ እንደማይነሣ አወቀች። በሆዷ፣ ኮምፒውተሩን እኔ እገጥምልሃለሁ፣ አለች።

*

ያኔ ገንዘቡ አሞሌ ጨው ነበር። የመንደሩ እቁብም በጨው ነው። የዚያ ወር ዕጣ ለሽኮኮ ወጣ። ሽኮኮ ሠላሳውን አሞሌ ታቅፋ በቀጥታ ስንዱ ቤት መጣች።

«ዕጣዬን ውሰጂ» አለች። «ያንቺ ሲደርስሽ ትመልሺልኛለሽ።»

«ጣራሽስ? ያፈሳል አይደል?»

«ክረምቱ ወጥቷል። ቢያፈስም ሳህን አስቀምጥለታለሁ። የወንድምሽ ዕንባ ቢፈስ ምን ታስቀምጪለታለሽ?»

ስንዱ አሞሌዎቹን ተሸክማ ገበያ ወረደች። ለሚዳቋ ጨው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ምሳም ነው። መንገድ ላይ የአንዱን አሞሌ ጥግ ላሰች። አንዴ ብቻ። ከዚያ ምላሷን ነክሳ ሄደች።

*

መጀመሪያ አውራ ዶሮ ጋ ደረሰች። አውራ ዶሮ ኬዝ ይሸጣል፤ ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚገባበትን ሳጥን። ከፊት የቆመው ኬዝ ጎኑ መስታወት፣ ሆዱ መብራት ነው። ቀይ ይላል። አረንጓዴ ይላል። ወይን ጠጅ ይላል።

«እዪኝ!» አለ ኬዙ።

«አየሁህ» አለች ስንዱ።

«ደግመሽ እዪኝ!»

ደግማ አየችው።

አውራ ዶሮ ደረቱን ነፋ። «እህቴ፣ ለማን ነው?»

«ለወንድሜ። ታሟል።»

«ጠያቂ ይበዛበታል?»

«ይበዛበታል።»

«ጠያቂው ገብቶ ምን ያያል? እግሩን። ይሄ አጠገቡ ቢቀመጥስ ምን ያያል? እስቲ አንቺው ንገሪኝ።»

ስንዱ ታያት። ያ ሁሉ ከንፈር መጣጭ አፉን ከፍቶ ሲቀር ታያት። ዘጠኝ አሞሌ ከፈለች። ኬዙ ጀርባዋ ላይ ወጣ።

«ቀስ ብለሽ ሂጂ» አለ። «እንዳልጫር።»

ቀጥላ ዝንጀሮ ጋ ደረሰች። ዝንጀሮ ግራፊክስ ካርድ ይሸጣል፤ ሥዕሉን የሚያወጣውን። ትልቁ ካርድ ከፋይ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። ለመናገር አልቸኮለም።

«ስንት ዓይነት ሣር ታውቂያለሽ?» አላት።

«የምበላውን ሁሉ።»

«እኔ ሣሩን አንድ በአንድ አሳያለሁ። ሣሩ ላይ ጤዛውን አሳያለሁ። ጤዛው ውስጥ ደግሞ ፀሐይዋን።»

ስንዱ ወደ ዝንጀሮ ዞረች። «የሩጫው ጨዋታ በሱ ይሄዳል?»

«ይሄዳል ወይ?» ዝንጀሮ ጭኑን መታ። «ያቺ ታች ያለችው ትንሿም ታስሄደዋለች። ይሄ ያበርረዋል!»

«ትንሿ ማናት?»

«ተዪያት፣ ያገለገለች ናት። ጤዛ አታወጣም።»

ይርዳው ሜዳ ካየ ዓመት ሆነው። ጤዛ ሊያይ ይገባዋል፣ አለች ስንዱ። ዐሥራ አራት አሞሌ ከፈለች።

ሦስተኛ አይጥ ጋ ደረሰች። አይጥ ያገለገለ ዕቃ ትሸጣለች። የሚያስበውን ፕሮሰሰር፣ ለጊዜው የሚያስታውሰውን ራም፣ ሁሉም የሚሰካበትን ማዘርቦርድ በአምስት አሞሌ ሰጠቻት።

«ፓወር ሰፕላይስ?» አለች አይጥ። «ከግድግዳው መብራት ተቀብሎ ለሁሉም የሚያካፍለው? መጀመሪያ የሚገዛው እሱ ነበር።»

«አዎ አዎ። እሱ እንኳን ቀላል ነው።»

«ቀላል?» አይጥ ጺሟን አሻሸች። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።»

*

ሁለት አሞሌ ቀረ። በመጨረሻ አያ ጅቦ ጋ ደረሰች። አያ ጅቦ ሁሉን ይሸጣል።

«አያ ጅቦ፣ ሁለት አሞሌ ነው ያለኝ። ጨዋታው የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክና ፓወር ሰፕላይ እፈልጋለሁ።»

«በሁለት አሞሌ ሁለት ዕቃ! ልትበዪኝ ነው የመጣሽው? የምበላው እኮ እኔ ነበርኩ!» ሳቀ። ጥርሱ እስከ መጨረሻው ታየ። ስንዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«እባክህ መርቅልኝ።»

«ምን ይደረግ፣ ፊትሽን ወድጄዋለሁ። ሃርድ ዲስኩን በሁለት ግዢ፤ ፓወር ሰፕላዩን ምራቂ ልስጥሽ።»

የስንዱ ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ሽንኩርት የገዛ ምራቂ ይላል። በርበሬ የገዛ ምራቂ ይላል። ምራቂ ያላገኘ ገበያ የወጣ አይመስለውም። ምራቂ ያገኘ ደግሞ ዕቃውን አገላብጦ አያይም፤ ነውር ነው።

ጅቡ ትንሽ ጥቁር ሳጥን ወረወረላት። እንደ ገለባ ቀላል ነበር። ላዩ ላይ በትልቁ «አምስት መቶ ዋት» ተብሎ ተጽፏል።

ሳጥኑ ድምፁ ቀጭን ነው። «እህት ዓለም» አለ። «የተጻፈብኝን እንዳታምኚ። እኔ...»

«ዝም በል፣ ምራቂ!» አለ ጅቡ።

«እኔ ግማሹንም...»

«ምራቂ አይናገርም!»

ስንዱም ሳቀች። ምራቂ ሲናገር ሰምታ አታውቅም ነበር።

*

መንገድ ላይ ዕቃዎቹ ተጣሉ።

«ዓይን የሚያርፈው እኔ ላይ ነው» አለ ኬዙ።

«አንተ ቤት ነህ» አለ ግራፊክስ ካርዱ። «ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

«የማስበው እኔ» አለ ፕሮሰሰሩ።

«የማስታውሰው እኔ» አለ ራሙ፤ ወዲያው ምን እንዳለ ረሳ።

«ልጆች፣ ሁላችሁም እኔ ጀርባ ላይ ነው የምትቀመጡት» አለች ማዘርቦርድ። የሰማት የለም።

ምራቂው ከሁሉ በታች ነበር። «አደራ» አለ። «ስትጀምሩ ቀስ በሉ። ሁላችሁም ባንዴ አትጠይቁኝ።»

«ማነው እሱ?» አለ ካርዱ።

«ምራቂው ነው» አለ ኬዙ።

ሳቁ።

*

ቤት ስትደርስ ዕቃዎቹን መሬት ላይ ዘረገፈች። ስትገጥም አንዷ ብሎን ተንከባለለች፤ ይርዳው አልጋ ሥር ገባች። ይርዳው በፊት እግሩ አወጣት። አያት። ሰጣት።

«ይሄ እዚህ ነው የሚገባው?» አለ።

ከግድግዳው ዞሮ ነበር። ስንዱ ብታወራ ወደ ግድግዳው የሚመለስ መሰላትና ቦታውን በአፍንጫዋ ጠቆመችው። ሁለቱ አብረው ገጠሙ።

አመሻሹ ላይ ጠያቂዎች መጡ። ኬዙ ቀይ አለ፣ አረንጓዴ አለ።

«ውይ!» አለች ቆቅ።

«ይሄማ የንጉሥ ነው!» አለ ከርከሮ።

እግሩን ያየ የለም። ስንዱ ደስ አላት።

ይርዳው መቆጣጠሪያውን ይዞ ጨዋታውን ከፈተ። አሮጌው ቴሌቪዥናቸው ላይ ሜዳው ታየ። ሣሩ አንድ በአንድ ቆሟል። ሣሩ ላይ ጤዛ አለ። ጤዛው ውስጥ ፀሐይ አለች።

«ጤዛ» አለ ይርዳው።

ከዚያ ሮጠ።

«ጨምር!» አለ ካርዱ ወደ ታች።

«እሺ» አለ ምራቂው።

«ለኔም ጨምር!» አለ ኬዙ። «ወይን ጠጅ ልሆን ነው!»

«እሺ... ቀስ...»

«ጨምር! ጨምር!»

«ያዝኩ... ያዝኩ...»

ጧ!

ሁሉም ነገር ጠፋ። አምፖሉም ጠፋ።

«መብራት ሄደ» አለ ከርከሮ።

«ልክ ደስ ሲለን ነው የሚሄደው» አለች ቆቅ።

ተደላድለው ተቀመጡ። መብራት ሲጠፋ የሚወራ ወሬ አለ፤ እሱን አወሩ። ከርከሮ ስለ በቆሎ አወራ። ቆቅ ስለ እህቷ ልጅ ሠርግ አወራች። ከርከሮ እንደገና ስለ በቆሎ አወራ። መብራቱ አልመጣም። በመጨረሻ ቆቅ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«እነ ጃርት ቤት መብራት አለ» አለች።

«ማዶስ?»

«ማዶም አለ።»

የተቃጠለ ነገር ሽታ ያኔ ሸተታቸው።

ከንፈራቸውን መጠጡ። አንድ በአንድ ወጡ።

«ተዪው ስንዱ» አለ ይርዳው። «ጤዛውን አይቻለሁ፤ ይበቃኛል። ጋሽ ጎሽ ስሜን ያውጡት።» ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሩጫው አምስት ቀን ቀርቶታል።

*

አባ ኤሊ ጠጋኝ ነው። ሱቅ የለውም፤ ሱቁ ጀርባው ነው። ገበያው ጫፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ከፊቱ ካቻቢቴ፣ ከጎኑ የተበላሸ ዕቃ ክምር። ስንዱ በማግስቱ ሁሉንም ተሸክማ ወስዳ ፊቱ አስቀመጠችው።

«መጀመሪያ ምን ገዛሽ?» አላት።

«ኬዝ።»

«ከዚያስ?»

«ካርድ።»

«ከዚያስ?»

«ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራም። ከዚያ ሃርድ ዲስክ።»

«ፓወር ሰፕላዩንስ በስንት ገዛሽው?»

«እሱን አልገዛሁትም አባ። ምራቂ ነው።»

አባ ኤሊ ሳቀ። ጭንቅላቱ ሳይታሰብ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሳቁ ከድንጋይ ልብሱ ውስጥ ይሰማ ነበር። ዓይኑ ርሶ ወጣ።

«ይቅር በይኝ ልጄ፤ በአንቺ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ጦጣ መጣች፤ ምራቂ። ከሷ በፊት ቀበሮ መጣ፤ ምራቂ። እኛ ጣራውን ገዝተን ስናበቃ ነው ምሰሶ የምንለምነው።»

በካቻቢቴው ጥቁሩን ሳጥን ከፈተው። ውስጡ ባዶ ሊባል ይችላል። አንድ ቀጭን ሽቦ፣ ባቄላ የምታክል ጥቅልል፣ ጥቀርሻ።

«አባ» አለ ቀጭን ድምፅ። ስንዱ ደነገጠች። ምራቂው አሁንም አልሞተም። «ሌሎቹ ደኅና ናቸው?»

አባ ኤሊ አንድ በአንድ ፈተሻቸው። ካርዱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ማዘርቦርዷን። ጊዜ ወሰደበት፤ ኤሊ ነው። «ሁሉም ደኅና ናቸው» አለ።

«ስይዝ ስይዝ አቃተኝ። እሳቱ ወደ እነሱ መሄድ ሲጀምር መስመሩን እኔ ላይ በጠስኩት።»

«ለምን?» አለች ስንዱ። «ስቀውብህ ነበር። እኔም ስቄብሃለሁ።»

«ወደ እነሱ እየሄደ ነበር እኮ» አለ ምራቂው። ሌላ ምክንያት ያለ አልመሰለውም። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

ስንዱ ሣር ውስጥ ተኝታ የሰማችው የወንድሟ ጩኸት ጆሮዋ ላይ መጣ። ዓመት ሙሉ ውሃ አቅርባለታለች፣ አልጋ አንጥፋለታለች፣ መስታወት ኬዝ ተሸክማለታለች። አንድ ነገር ግን አላለችውም። መጀመሪያ ደንግጣ ነበር፤ ቀጥሎ ጠያቂው በዛ፤ ከዚያ አፈረች።

«አመሰግናለሁ» አለችው ለተቃጠለው ሳጥን።

አባ ኤሊ ሳጥኑን በጨርቅ ጠቀለለው። ከክምሩ ላይ አልጣለውም፤ ለብቻው አስቀመጠው።

«አሁን ሂጂና» አለ «የሚከብድ ፈልጊ። የተጻፈበትን አታንብቢ። አንሺው።»

*

በምን ገንዘብ? ተመልሳ ሦስት ደጃፍ አንኳኳች።

ጅቡ ሳቀባት። «ምራቂ ይመለሳል እንዴ? ስጦታዬን አቃጥለሽ መጣሽ፤ እንዲያውም አንቺ ነሽ የምትክሺኝ!»

አውራ ዶሮ ከራሱ በላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳያት፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለአንቺ ስል በአምስት።»

«በዘጠኝ ነው እኮ የሸጥክልኝ!»

«ያኔ አዲስ ነበር።»

«ትናንት እኮ ነው!»

«አንድ ቀን ታይቷል እህቴ። መታየት ያስረጃል።»

አምስቱን ተቀበለች። ኬዙ ደኅና ሁኚም አላላት፤ ሌላ ገዢ እየመጣ ነበር።

ዝንጀሮ ትልቁን ካርድ አገላብጦ አየ። «በትንሿ ልለውጥልሽና ስድስት ልመልስ። ግን ጤዛ አታወጣም፤ በኋላ እንዳትወቅሺኝ።»

«ጤዛውን አይቶታል። አሁን የሚፈልገው መሮጥ ነው።»

ትንሿ ካርድ ከታችኛው መደርደሪያ ወረደች። «ያለኝን አወጣለሁ» አለች። «ሣሩ ሣር ይመስላል። ገደሉም ገደል ይመስላል።»

ዐሥራ አንድ አሞሌ። ይዛ ወደ እማማ አህያ ሄደች። እማማ አህያ ስትጫን የኖረች ናት፤ አሁን ፓወር ሰፕላይ ትሸጣለች፣ ሌላ ምንም አትሸጥም።

«አንሺው» አለቻት አህያ።

ስንዱ በጥርሷ አነሣችው። አንገቷ ወደ መሬት ሄደ።

«ከበደሽ?»

«ከበደኝ።»

«እንግዲያው ውስጡ ዕቃ አለ።»

ስንዱ ጎንበስ ብላ ጠየቀችው። «ምን ያህል ትችላለህ?»

«የተጻፈብኝን» አለ።

«መብራት ሲወርድስ?»

«እይዛለሁ።»

«ሲያሻቅብስ?»

«እይዛለሁ።»

«ወሬ አይወድም» አለች አህያ። «እኔም ስጫን አላወራም ነበር። ዐሥር አሞሌ።»

አሞሌዎቹን ስትቆጥር አንዱ ላይ ቆመች። «የዚህ ጥጉ ተልሷል።»

ስንዱ አፈረች። አውራ ዶሮ የመለሰላት ያንኑ ኖሯል። «እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ሠላሳ አሞሌ ተሸክመሽ አንድ ጥግ ብቻ?» አህያ ጆሮዋን አራገበች። «ጾመኛ ነሽ ልጄ። ይሁን፣ አልቀንስብሽም።»

ስትመለስ አይጥ ጠራቻት። «ኬዝሽን እንደመለስሽ ሰማሁ። የቲማቲም ሳጥን አለኝ፤ ቀዳዳው ብዙ ነው፣ አየር ያስገባል። ምራቂ ልስጥሽ።»

ስንዱ የእንጨቱን ሳጥን ተቀበለች። ገለበጠችው። አሸተተችው። በአራት እግሯ ወጥታ ቆመችበት።

«ምን ሆነሻል?» አለች አይጥ።

«ምራቂውን እያየሁ ነው።»

«ኩንታል ቲማቲም ተሸክሜያለሁ» አለ ሳጥኑ ከሥሯ። «አንቺን አልችልም?»

የተረፈውን አንዱን አሞሌ ለሽኮኮ ሰጠች። «ለጣራሽ መጀመሪያ ይሁን» አለቻት። ሽኮኮ ቤት ገብታ ከጣራው ሥር ያስቀመጠችውን ሳህን ወደ መደርደሪያው መለሰችው።

*

ቤት ስትገባ ይርዳው ግድግዳውን ያያል። ስንዱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ።»

«እ።»

«ነብሩ ሦስት እርምጃ ነበር የቀረው።»

ይርዳው ጆሮውን ወደ እሷ አዞረ።

«እስትንፋሱ ይሰማኝ ነበር። አንተ ባትጮህ እኔ የለሁም። ዓመት ሙሉ አልነገርኩህም። አመሰግናለሁ፣ ጋሼ።»

ይርዳው ግንባሩን ከግድግዳው አነሣ።

«እኔ ደግሞ» አለ «የጮህኩት ስህተት እንደሆነ ሁሉም የሚያስብ መስሎኝ ነበር። ከንፈራቸውን ሲመጥጡ... እግሬን ብቻ ሲያዩ...» ዞረ። «አንቺን አያዩሽም ነበር። በሕይወት ቆመሽ ውሃ ስታቀርቢላቸው አያዩሽም ነበር።»

ስንዱ ዕንባዋን ጠረገች። ጨው ነው፤ አንድ ጠብታ ላሰች። ይርዳው አየና ሳቀ። ከዓመት በኋላ።

«እስቲ ያን የቲማቲም ሳጥን አምጪው» አለ።

*

መስከረም ሃያ ደረሰ። ሽኮኮ መጣች። አይጥ መጣች። እማማ አህያ መጣች። አባ ኤሊ ከትናንት ወዲያ ተነሥቶ በሰዓቱ ደረሰ። ጋሽ ጎሽ መዝገቡን ይዞ በር ላይ ቆመ።

የቲማቲሙ ሳጥን ቀይ አላለም። አረንጓዴ አላለም። ተቀምጧል።

አርባ ሯጮች ተሰለፉ። ከወንዝ ማዶ፣ ከተራራ ማዶ፣ ሁሉም በየቤቱ፣ ሁሉም በየሳጥኑ ፊት። ጀመሩ።

ይርዳው ሮጠ። ሣሩ ሣር ይመስላል። ጤዛ የለውም። ወንዙን ተሻገረ። ዳገቱን ወጣ። አምስት ሯጮች አለፈ፤ ሦስት አለፉት። ከዚያ ገደሉ መጣ።

ትንሿ ካርድ እንዳለችው ነበር። ገደሉ ገደል ይመስላል።

የይርዳው የፊት እግር መቆጣጠሪያው ላይ ደረቀ።

ልክ ያኔ መብራቱ ወረደ። የጣራው አምፖል ፈዘዘ፤ የእነ ጃርት ቤት አምፖል ፈዘዘ፤ መንደሩ ሁሉ ፈዘዘ። ሽኮኮ ዓይኗን ጨፈነች።

ከቲማቲሙ ሳጥን ሥር ድምፁ ወፈረ። እንደ ተጫነች አህያ ትንፋሽ። ሌላ ነገር አልተሰማም። ሥዕሉ አልተንቀጠቀጠም።

«ጋሼ» አለች ስንዱ። «እዚህ ነኝ።»

ይርዳው ዘለለ።

ከወዲያ አረፈ። ሮጠ። አምፖሉ ተመልሶ ሲደምቅ እሱ ሜዳው ላይ ነበር፤ ይሮጣል፤ ጥርሱ ይታያል።

ከአርባ ሯጭ ዐሥራ አንደኛ ወጣ።

ጋሽ ጎሽ መዝገቡን ከፈተ። ብዙ አሰበ። «ይርዳው፣ ሯጭ» ብሎ አነበበ። ዘጋው።

ይርዳው ከአልጋው ወረደ። በሦስት እግር ቆመ፤ አራተኛውን ጫፉን አስነካ። ሽኮኮን አመሰገነ፣ አይጥን አመሰገነ፣ እማማ አህያን አመሰገነ፣ አባ ኤሊን አመሰገነ። ከዚያ ወደ ሳጥኑ እያነከሰ ሄደ።

«ማነው ያሮጠኝ?» አለ።

«እኔ ሣሩን ብቻ ነው የሣልኩት» አለች ትንሿ ካርድ።

«እኔ አስቤያለሁ» አለ ፕሮሰሰሩ። «ግን ያለ እሱ አላስብም።»

«እኔ... ረሳሁት» አለ ራሙ።

«ታች ነው ያለው፣ ልጄ» አለች ማዘርቦርድ። «ጎንበስ በል።»

ይርዳው ጎንበስ አለ። ስንዱም አጠገቡ ጎንበስ አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድም ዓለም» አለው።

ፓወር ሰፕላዩ አልመለሰም። ሥራ ላይ ነበር።

እኔ ነገርኩ፤ እናንተ ሰማችሁ። የሰማ ጆሯችሁን ያለምልምልኝ።

የሚታየው ያስደስታል፤ የሚሸከመው ያኖራል።